ወንድሜ ያለ ክኒን ሜዳ መግባት አቅቶታል

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። ዕድሜዬ 31 ነው፤ መምህርት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። በሊጉ ለሚጫወት ክለብ የመስመር አጥቂ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እስከ ዛሬ «እታለም» እያለ ነው የሚጠራኝ።

ካቻምና ጉልበቱን ተመታ። በደንብ ሳይታከም ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ውሉ እንዳይቋረጥ ፈርቶ ነው። አንድ የቡድን ጓደኛው ትራማዶል ሰጠው። መጀመሪያ የሚወስደው ለጨዋታ ቀን ብቻ ነበር። ቀጥሎ ለልምምድም ሆነ። አሁን ጠዋት ከአልጋ ለመነሣትም ክኒኑን ይፈልጋል። በቀን አንድ ስትሪፕ፣ 10 ፍሬ፣ ሲጨርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሰዓት ጫት ይቅማል፤ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ይጠጣል። የፊርማ ገንዘቡ የት እንደገባ አላውቅም። አዘዞ ላይ ለእናታችን የጀመርነው ቤት ቆርቆሮ ሳይለብስ ቆሟል።

ባለፈው ዕረፍት ጊዜ ወደ ቡድኑ ሳይመለስ ሲቀር፣ የክለቡ ወጌሻ ደወለልኝ። «ታይፎይድ ይዞት ነው» አልኩ። ሌላም ጊዜ እንዲሁ ዋሽቻለሁ። አሁን የመጀመሪያው ዙር አልቆ እቤት ነው። ወጌሻው በቀደም ደውሎ «እኅቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ልጁ ምን ሆኗል?» አለኝ። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። ወንድሜ ደግሞ አስምሎኛል። «ለክለቡ ከነገርሽ በሕይወት አታገኚኝም» ብሎኛል።

እማዬ ዓይን በልቶት ነው ብላ ጸበል ልትወስደው ተነሥታለች። ክኒኑን አታውቅም። ውሉ የሚያልቀው በዚህ ክረምት ነው። ልናገር? ልደብቅ? ገንዘብስ ልከልክለው? አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር ልጨምር። የምፈራው ለእሱ ብቻ አይደለም። ደመወዙ ከቆመ እኛም እንቆማለን።

እታለም ነኝ፣ ከጎንደር

*

እታለም፣

የሚያስቸኩለውን ላስቀድም። ወንድምሽ ክኒኑን በአንድ ቀን እንዲያቆም አታድርጉት። አንቺም አትደብቂበት፣ እናታችሁም አይጣሉበት። ትራማዶል ከሞርፊን ቤተሰብ የሚመደብ የሕመም ማስታገሻ ነው። ሰውነት ከለመደው በኋላ በድንገት ሲነሣ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያስቀምጣል፣ አጥንት ድረስ ያማል፣ እንቅልፍ ይነሣል። እነዚህ ቢያሠቃዩም ያልፋሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ትራማዶል ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ያመጣል። ያየሽው ክኒን ባለ 50 ሚሊ ግራም ከሆነ፣ 10 ፍሬ ማለት 500 ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ400 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ነው ሐኪም የሚያዘው። በዚያ ላይ ጫት አለ፤ እንቅልፍ ማጣት አለ። ማታ የሚጠጣው ቢራ ደግሞ ከክኒኑ ጋር ተደምሮ ትንፋሽን ያዳክማል። ከቀሰቀስሽው አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከቀነሰ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከተንፈራገጠ «ትንሽ ይተኛ» እንዳትይ። በጎኑ አስተኚው፤ ያገኘሽውን ባጃጅም ቢሆን ይዘሽ ድንገተኛ ክፍል አድርሺው። እዚያ ስትደርሺ ምን እንደወሰደ ሳትደብቂ ተናገሪ። ሐኪሙ የሚጠይቅሽ ሊያድነው እንጂ ሊከስሰው አይደለም።

ሁለተኛው አስቸኳይ ነገር «በሕይወት አታገኚኝም» ያለው ነው። አንቺን ዝም ለማሰኘት ብሎት ሊሆን ይችላል። የእውነቱንም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ እኔም አንቺም በግምት አንደርስበትም፤ ስለዚህ ጠይቂው። «እንዲያ ስትለኝ ራስህን ልታጠፋ አስበህ ነው?» ብለሽ፣ በስሙ ጠርተሽ። ብዙ ሰው እንዲህ መጠየቅ ሐሳቡን በልቡ መክተት ይመስለዋል፤ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው የሚተነፍስበት ቀዳዳ ነው የሚያገኘው። «አዎ» ካለሽ፣ ወይም እንዴት እንደሚያደርገው ጭምር ካሰበበት ብቻውን አይደር። ክኒኑ በሙሉ በእሱ እጅ አይቀመጥ። ጠዋት እስኪሆን ሳትጠብቂ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ።

ልናገር ወይስ ልደብቅ ብለሻል። የደበቅሽው እስከ ዛሬ ምን እንዳስገኘ አንቺው ጽፈሽዋል። ታይፎይዱ ሁለት ጊዜ አገልግሏል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ማንም አያምንሽም። በሌላ በኩል፣ ከጀርባው ሄደሽ ለክለቡ ብትናገሪ እምነቱን ታጪያለሽ፤ በዚህ ዓለም ላይ የሚተማመንበት ሰው አንቺ ብቻ ትመስይኛለሽ። ስለዚህ እኔ ብሆን ሁለቱንም አላደርግም። ምስጢሩን አላወጣም፤ ስለ እሱም አልዋሽም። ልዩነቱ ጠባብ ይመስላል፤ ነገር ግን ሸክሙን ከአንቺ ትከሻ አንሥቶ ወደ ባለቤቱ ይመልሰዋል። ለክለቡ የሚናገረው ራሱ ነው፤ አንቺ አብረሽው ትቀመጫለሽ። ከክለቡ በፊት ደግሞ ሐኪም አለ። ቅደም ተከተሉን አደራ፤ ሐኪም ይቅደም፣ ክለብ ይከተል። «ችግር አለብኝ» ብሎ የሚገባ ተጫዋችና «ችግር ነበረብኝ፣ ሕክምና ጀምሬያለሁ፣ ሐኪሜ ይኸው» ብሎ የሚገባ ተጫዋች እኩል አይታዩም።

መቼ ልንገረው ካልሽ፣ መርቅኖ እያለ አይሆንም፤ ያን ጊዜ ሁሉን ነገር ይስማማልና ማግስቱን አያስታውሰውም። ሐራራ ላይም አይሆንም፤ ትጣላላችሁ። ጠዋት ላይ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ እናታችሁ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ይሻላል። ወይም እየተራመዳችሁ፤ ሰው ፊት ለፊት ከሚተያይ ይልቅ ጎን ለጎን ሲሄድ ይናገራል። ቃሉን እኔ ላቀብልሽ፣ አንቺ በራስሽ አፍ አስተካክይው። «ወንድሜ፣ ምስጢርህን ለማንም አላወጣሁም፤ አላወጣምም። ከእንግዲህ ግን ስለ አንተ አልዋሽም። ወጌሻው ሲደውል ስልኩን ላንተ ነው የምሰጠው። ሐኪም ጋ በመረጥከው ቀን አብሬህ እሄዳለሁ፤ ቀኑ ግን በዚህ ሳምንት ውስጥ ይሁን።» ከዚያ ዝም በይ። ይቆጣ ይሆናል። ያለቅስ ይሆናል። ጥሎሽ ይወጣ ይሆናል። ተመልሶ ሲመጣ ያንኑ ቃል ያግኝ፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።

አንዳንድ ነገር ደግሞ ጠይቂው፤ መልሱን እኔ አላውቀውም። ያለ ክኒን ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው መቼ ነው? ጉልበቱ ነው የሚያመው ወይስ ሌላ? ክኒኑን ባይውጥ የሚፈራው ሕመሙን ነው ወይስ ተቀያሪ ወንበር ላይ መቀመጡን? ይህን የምለው ለወሬ አይደለም። ሕክምናው የሚጀምረው ከዚያ መልስ ነው።

ጉልበቱ አልታከመም ብለሻል። ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ሱሱ ላይ ብቻ ይጮኻል። ልጁ ክኒኑን ቢተው ነገ ጠዋት ያው ጉልበት ይጠብቀዋል። በአጥንት ሐኪም ይታይ፤ ካስፈለገ ኤምአርአይ ይነሣ። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ በስፖርት የተከለከሉ አይደሉም፤ የቱ ለእሱ እንደሚሆን ሐኪሙ ይወስናል። አብዛኛው ሥራ ግን የሚሠራው በክኒን ሳይሆን በፊዚዮቴራፒ ነው፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ከሁለተኛው ዙር ጥቂት ጨዋታዎች ቢያመልጡት ይመለስባቸዋል፤ ጉልበቱ ከሄደ ግን አይመለስም።

ስለ ምርመራው እንነጋገር፤ ምናልባት ወንድምሽ በቅጡ አያውቀው ይሆናል። ዓለም አቀፉ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ ዋዳ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ትራማዶልን በውድድር ወቅት ከልክሏል። «በውድድር ወቅት» የሚባለው ከጨዋታው ዋዜማ ምሽት 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ጀምሮ ነው። ሆኖም ክኒኑ ሽንት ውስጥ ለቀናት ይቆያል። «ሐሙስ ነው የዋጥኩት» ማለት ቅዳሜ ለሚሰጥ ናሙና መከላከያ አይሆንም። ከተገኘበት ቅጣቱ ብዙውን ጊዜ እስከ 2 ዓመት እገዳ ነው፤ ሆን ብሎ እንደሆነ ከተረጋገጠ 4 ይደርሳል። ጫቱም ነፃ አይደለም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ በውድድር ወቅት እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ቢራው አይከለከልም፤ አልኮል እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ከተከለከሉት ዝርዝር ወጥቷል። ለሰውነቱ ግን ያው ነው።

ይህን የጻፍኩልሽ ልታስፈራሪበት አይደለም። የፈራ ሱሰኛ የሚያደርገው መደበቅ ነው። ግን ለራሱ ሒሳብ ይሆነዋል። አሁን «ለክለቡ ከተናገርኩ አለቀልኝ» እያለ ነው። ዝም ካለም በየጨዋታው ዕጣ እየጣለ ነው። በሐኪም ትእዛዝ የተከለከለ መድኃኒት የግድ ለሚያስፈልገው ስፖርተኛ አስቀድሞ የሚጠየቅ ፈቃድ አለ፤ የሚስተናገደው በኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን በኩል ነው። ይህ ግን ለሕክምና እንጂ ከጓደኛ ለተቀበሉት ክኒን መሸፈኛ አይሆንም። ሐኪሙ ቀስ በቀስ በመቀነስ ሲያስተወው፣ ክኒኑ ከሰውነቱ እስኪወጣ ድረስ ጨዋታ ውስጥ መግባት የለበትም። የዙሩ ዕረፍት ለዚህ ምቹ ነው፤ አታባክኑት።

የት እንሂድ? ጎንደር ላይ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ የሱስ ሕክምናም የዚያው ሥራ ነው። አውቃለሁ፣ ከተማዋ ትንሽ ናት። ኳስ ደግሞ የጎንደር ሰው ነፍስ ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሊጉን ሲያነሣ ከተማው እንዴት እንደነበረ ታስታውሻለሽ፤ ተጫዋች ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ሲጠጣ እንኳ ሰው ይቆጥራል። ወንድምሽ በአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ መታየቱን ቢፈራ አልፈርድበትም። ሐኪም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ወረፋ ላይ የተቀመጠው ጎረቤት ግን የለበትም። ካልሆነለት ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይሂድ፤ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታልም አለ። የሚያውቀው ሰው በሌለበት መታከም ነውር አይደለም። ቢሆንም ሩቅ እስኪሄድ እየተባለ ሳምንቱ እንዳያልፍ። መንገዱ ካስቸገረ እዚሁ ጀምሩ።

ስለ ጸበሉ እናትሽን አትጋፊ። እናት ናቸው፤ የሚያውቁትን መድኃኒት ነው ያቀረቡት። ጸበሉና ሐኪሙ አይጣሉም። የሚጣሉት «ክኒኑን ጣል፣ ጹም፣ ተጠመቅ» ተብሎ በአንድ ቀን ሲቆረጥ ነው፤ አደጋውን ከላይ ነግሬሻለሁ። እኔ ብሆን የንስሐ አባታችሁን አማክራለሁ። ብዙ ካህናት «መድኃኒትህን እየወሰድክ ተጠመቅ» ይላሉ። ይህን ቃል እናትሽ ከአንቺ አፍ ከሚሰሙት ከእሳቸው ቢሰሙ ይቀበሉታል። ለእናትሽ ስለ ክኒኑ ይነገራቸው ወይ? ይነገራቸው፤ ግን ወንድምሽ ራሱ ይንገራቸው፤ ሐኪም ካየው በኋላ። ዓይን በልቶት እንደሆነ ከሚያስቡ፣ ታሞ እየታከመ እንደሆነ ቢያውቁ የሚያርፉ ይመስለኛል።

ጫቱን ለብቻው ላንሣው። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተመረጡ ከተሞች በየተራ ነው የሚካሄደው። ተጫዋች ለሳምንታት ሆቴል ይቀመጣል። ጠዋት ልምምድ ነው፤ ከሰዓት ምን ይሠራል? አልጋ፣ ስልክ፣ ከዚያ በርጫ። በርጫው እንቅልፍ ይነሣል፤ ለእንቅልፍ ጨብሲ ይመጣል፤ ጠዋት የደከመ ሰውነት ክኒን ይፈልጋል። ሦስቱ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ወንድምሽ ወደ ቡድኑ ሲመለስ ከማን ጋር ክፍል እንደሚጋራ እንኳ ማሰብ አለበት። ክኒኑን የሰጠው ጓደኛው የክፍል ጓደኛው ከሆነ፣ ከሐኪሙ ትእዛዝ በፊት መቀየር ያለበት ክፍሉ ነው። ለከሰዓቱም አንድ ነገር ይፈለግለት፤ ኮርስ ይሁን፣ መንጃ ፈቃድ ይሁን፣ ብቻ ከአልጋ የሚያስነሣ።

ከዚህ ወጥተው የተመለሱ አሉ? አሉ። የአርሰናሉ አምበል ቶኒ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1996 «የመጠጥ ሱሰኛ ነኝ» ብሎ በአደባባይ ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ በ1998 እና በ2002 ሊጉንም የኤፍኤ ዋንጫውንም በአንድ ዓመት አነሣ። የእንግሊዙ ተጫዋች ዴሌ አሊ እ.ኤ.አ. በ2023 የእንቅልፍ ክኒን ሱስ እንደያዘውና ማገገሚያ ገብቶ እንደወጣ ተናግሯል፤ የእሱ እግር ኳስ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። የሊቨርፑል በረኛ የነበረው ክሪስ ኪርክላንድም በሕመም ማስታገሻ ሱስ ለዓመታት ተሠቃይቶ ወጥቷል። ለወንድምሽ ስማቸውን ጥሪለት፤ ብቻውን እንዳልሆነ ያያል። ነገር ግን እነሱ ከኋላቸው ሐኪምና ገንዘብ ነበራቸው። የኛ ተጫዋች ውሉ አጭር ነው። ክለቡ አቅፎ ይቀበለዋል ብዬ ቃል አልገባልሽም። አንዳንዱ ይረዳል፣ አንዳንዱ ያሰናብታል። ለዚህ ነው ወደ ክለቡ ከመሄዳችሁ በፊት ውሉን አውጥታችሁ የምታነቡት፤ ስለ ሕመምና ስለ ዲሲፕሊን የሚለውን በተለይ። የምታውቁት ጠበቃ ካለ አሳዩት። ወንድምሽ በቃል ብቻ አይነጋገር፤ የሐኪም ወረቀት ይዞ ይግባ፣ የተስማሙትንም በጽሑፍ ይቀበል። ወጌሻውን ከመሪዎቹ በፊት ብቻውን ቢያነጋግረው መልካም ነው። «እውነቱን ንገሪኝ» ብሎ የሚደውል ሰው ክፉ አይመስለኝም።

ወጌሻው እስከዚያ ከደወለ፣ «ጤናው ልክ አይደለም፤ ሐኪም እያየው ነው፤ ራሱ ያናግርሃል» በይው። ሐኪም ካላየው ደግሞ ይህን ማለት አትችይምና፣ ቀጠሮውን ቀድመሽ ያዢ።

ገንዘብ ልከልክለው ላልሽው፣ ጥሬ ገንዘብ በእጁ አትስጪው። መክሰሱን፣ ትራንስፖርቱን፣ መድኃኒቱን፣ ምርመራውን አንቺ ክፈዪ። ይህን ደብቀሽ አታድርጊው፤ ተስማምታችሁ ይሁን። ሕክምና ሲጀምር «ለሦስት ወር ደመወዜ በአንቺ በኩል ይለፍ» ብሎ ራሱ ቢል የተሻለ ነው። ካልተስማማ ያንቺን ደመወዝ ቢያንስ ጠብቂ። ብድር እንዳትገቢለት።

ስለ ደመወዙ ማሰብሽ አሳፍሮሻል። አያሳፍርም። አንድ ቤተሰብ በአንድ ልጅ እግር ላይ ሲቆም ስለዚያ እግር ማሰብ ክፋት አይደለም። እንዲያውም ይህን ራሱ ንገሪው ባይ ነኝ፤ ግን በሌላ መልኩ። ምናልባት ክኒኑን የሚውጠው «ካልተጫወትኩ እታለምና እማዬ ምን ይበላሉ» እያለ ይሆናል። «ዘንድሮ ባትጫወትም በእኔ ደመወዝ እንኖራለን፤ ጠበብ ይልብናል እንጂ አንራብም» የሚለውን ካንቺ ሰምቶ ያውቃል? የአዘዞውን ቤት ለጊዜው ተዉት። ግድግዳው ዝናብ እንዳያበላሸው ግንበኛውን አነጋግረሽ በላስቲክም ቢሆን ይሸፈን፤ ቆርቆሮው ለመጪው ዓመት ይቆይ። ዕቁብ ውስጥ ካለሽ ዕጣሽ መቼ እንደሚደርስ ጠይቂ፤ ለምርመራው ያስፈልጋል።